ሰደሪያ የለበሰ አባት

ብሮዲ ከምድር ቤቱ ደረጃ ወጥቶ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አባቱ ቬርነን ሁዳክ ከሁለት እርምጃ በማይበልጥ ርቀት ምድጃው አጠገብ እንቁላል እየጠበሰ ነበር። ብሮዲ ግን ወደ እናቱ ዞሮ፣ «ለአባዬ ንገሪው፤ ዛሬ ከእኔ ጋር ሜዳ የምትገቢው አንቺ ብቻ ነሽ» አላት። ዳርላ የኮሌጁ ቀለም ያለበትን ሻርፕ እየተኮሰች ነበርና ካውያውን አቆመች። ባሏን አየች፣ ልጇን አየች። «እዚሁ ቆሞ የለም እንዴ? ራስህ አትነግረውም?» ብትለው ብሮዲ፣ «ሰምቷል» ብሎ ከዳቦ መጥበሻው ውስጥ የተጠበሰ ዳቦ መዘዘና ወደ መጣበት ወረደ። ቬርነን እንቁላሉን ሲገለብጠው አስኳሉ ፈሰሰ። ቆይቶ ቆይቶ የተናገረው ነገር ቢኖር፣ «ጨው አልቋል እንዴ?» ብቻ ነው።

በዚህ ቤት አባትና ልጅ ፊት ለፊት መነጋገር ካቆሙ ሦስት ዓመት አልፏል። «ለአባዬ ንገሪው የመኪናው ዘይት ይቀየር»፣ «ለልጅሽ ንገሪው መብራት ያጥፋ» እየተባባሉ ዳርላን ፖስታ ቤት አድርገዋታል፤ ደመወዝ ግን አልቆረጡላትም። ኩርፊያ መጀመሪያ ላይ ያንገበግባል፣ ከዚያ ይለመዳል፣ በመጨረሻ የቤት ዕቃ ይሆናል። የሁዳኮችም ኩርፊያ እንደ ሶፋቸው ቦታውን ይዞ፣ ሰው እየዞረው የሚያልፍ ነገር ሆኖ ነበር። የዛሬው ግን ከለመዱት ሁሉ ከበደ፤ ምክንያቱም የዛሬው ቅዳሜ በሃልስተን ኮሌጅ ሜዳ የዓመቱ የመጨረሻ የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ያ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ ጨዋታ ነው። በዚህ ቀን ትምህርታቸውን የሚጨርሱ ተጫዋቾች ከጨዋታው በፊት ስማቸው እየተጠራ፣ በአንድ ወገን እናት በሌላው ወገን አባት ይዘው፣ ሜዳው መሐል ድረስ ይሄዳሉ። ለእናት አበባ ይሰጣል፣ የአባት እጅ ይጨበጣል። ቡድኑ ያሸንፍም ይሸነፍም ይህ አይቀርም፤ ዘንድሮ ደግሞ ሌላ የቀረ ነገር የለም።

ዘንድሮ ዘጠኝ ጨዋታ ተጫውተው ዘጠኙንም ተሸንፈዋል። አንዱን አርባ ስምንት ለሦስት፣ አንዱን በመጨረሻዋ ሰከንድ፣ አንዱን ደግሞ የራሳቸው ሰው ኳሱን አጥብቆ ይዞ ወደ ተሳሳተ ወገን ሮጦባቸው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታልና የአክሮን ከተማ ሰው ሁሉ ምሳሩን ስሎ ነው የከረመው። ዳቦ ቤት ብትሄድ ሳቅ፣ ባንክ ብትሰለፍ ሳቅ። ቬርነን ጸጉሩን የሚስተካከልበት ፀጉር ቤት መስኮቱ ላይ «ሃልስተን ያሸነፈ ዕለት ጸጉር በነፃ» ብሎ ከለጠፈ ሁለት ወር አልፎታል፤ ወረቀቱ ፀሐይ በልቶት ቢጫ ሆኗል፣ አሥራ ስምንት ዶላሩ ግን ሳይጓደል ይከፈላል። አሰልጣኙ ከገና በፊት እንደሚባረር አሰልጣኙ ራሱ ሳይቀር ያውቃል። ብሮዲ ኳስ ይዞ ሯጭ ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ከአልጋው ሲነሳ እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዞ ነው። ዛሬ ካላሸነፈ በዚህ ዓመት ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ሳያይ ማሊያውን ሊያስረክብ ነው።

ቬርነን አዘቦቱን ምንጣፍ ያነጥፋል። ሠላሳ ዓመት በጉልበቱ ተንበርክኮ የሰው ሳሎን ሲለካ ኖሮ ጉልበቱ አሁን ደረጃ ሲወጣ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሃልስተን ሜዳ ዳር ሰንሰለት ከሚይዙት ሰዎች አንዱ ነው። ኳስ የያዘ ቡድን በአራት ሙከራ አሥር ያርድ፣ ዘጠኝ ሜትር ያህል፣ መግፋት አለበት፤ ካልገፋ ኳሷን ለባለጋራው ያስረክባል። አሥሩን ያርድ የምትለካው በሁለት ዘንግ መካከል የተወጠረች ሰንሰለት ናት፤ የኋለኛውን ዘንግ አንድ ሰው፣ የፊተኛውን ሌላ ሰው ይዞ ከሜዳው ውጭ ይቆማል። አጠራጣሪ ነገር ሲመጣ ሰንሰለቷ ሜዳ ውስጥ ትገባለች። ስትገባ ቦታዋን እንዳትስት፣ በየአምስት ያርዱ ከተቀቡት ነጭ መስመሮች አንዱን በምታቋርጥበት ነጥብ ላይ አስቀድሞ መቆንጠጫ ይደረግባታል። የቬርነን ሥራ ያቺ መቆንጠጫ ናት። ነጩ መስመር አንድ ጋት ይሰፋል፤ ስለዚህ መቆንጠጫው የተያዘው በመስመሩ በየትኛው ጠርዝ እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው፤ አለዚያ አንድ ጋት ወዲህ ወይም ወዲያ ይሳሳታል። ቬርነን ሁልጊዜ በኋለኛው ጠርዝ ነው የሚይዘው። ይህንን ዳኞቹ ያውቃሉ፣ ባለ ዘንጎቹ ያውቃሉ፣ ብሮዲም ፊደል ሳይቆጥር ነው ያወቀው።

ሌላው ሕግ ደግሞ የባለ ሰንሰለቶቹን ሰደሪያ የለበሰ አያጨበጭብም፣ አይጮህም፣ አያዝንም የሚለው ነው። ቀዩን ሰደሪያ ከለበስክ ወገን የለህም። የዛሬ ሦስት ዓመት ብሮዲ ገና አንደኛ ዓመት ሳለ ሁለት ሰው ገፍቶ ከሜዳ ውጭ ወረወረውና ልክ ቬርነን ጫማ ሥር ወደቀ። የአንገት አጥንቱ ሲሰበር ቬርነን ድምፁን ሰምቷል። መቆንጠጫው በእጁ ነበር። አላጎነበሰም፤ ስሙን እንኳ አልጠራም፤ ሐኪሞቹ እስኪመጡ ቀጥ ብሎ ቆመ። ማታ ሆስፒታል ብሮዲ በመድኃኒት በደነዘዘ አፉ፣ «እዚያው ነበርክ እኮ» ሲለው፣ ቬርነን የሚለው ቢጠፋው ባለ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የሚቀላለዱበትን ቃል አወጣ። «ሰደሪያ ለብሼ የማንም አባት አይደለሁም» አለው። ለማሳቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እዚህ ቤት ግን የወጋውም አልረሳ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳው ዳር ባለችው የዕቃ ክፍል ሰደሪያውን ለበሰ። ክፍሏ ቤንዚንና እርጥብ ሣር ትሸታለች። የፊተኛውን ዘንግ የሚይዘውን ኦቲስን፣ ጡረታ የወጣውን የከተማ አውቶቡስ ሹፌር፣ ቡናውን ከወረቀት ኩባያ ሲምግ አገኘው። «ሁለት ዶላር ከሰባ አምስት ሣንቲም» አለ ኦቲስ፣ «ለዚህ እጣቢ! ይሄ ቡድን ቢያንስ ቡናውን ማሸነፍ አያቅተውም ነበር።» ቬርነን ፈገግ አለ። ውጭ ሰማዩ እንደ ቆርቆሮ ነው፤ ንፋሱ ከሰሜን፣ ከከተማው ወዲያ ካለው ሐይቅ በኩል፣ ጆሮ ይቆርጣል። አምስት ሺህ ሰው የሚይዘው መቀመጫ ላይ ዘጠኝ መቶ ሰው ቢኖር ነው፤ እሱም ብርድ ልብስ ተከናንቦ እዚህም እዚያም ተበትኖ ተቀምጧል። አንዱ አንሶላ ላይ «አንድ ብቻ» ብሎ ጽፎ ሰቅሏል።

ስም መጥራት ተጀመረ። ኦቲስ የቬርነንን ክርን ጎሸም አደረገው። «ሂድ እንጂ። መቆንጠጫህን እኔ እይዝልሃለሁ።»

«አልተጠራሁም።»

«ለገዛ ልጅህ ደግሞ የጥሪ ወረቀት ትጠብቃለህ?»

በድምፅ ማጉያው የሚያነበው ሰው ከፊቱ የተቀመጠው በነሐሴ የተሞላ ወረቀት ነበርና፣ «ብሮዲ ሁዳክ፣ ከእናቱ ከዳርላና ከአባቱ ከቬርነን ጋር» ብሎ አስተጋባ። ሰው አንገቱን አስግጎ አባትየውን ፈለገ። ዳርላና ብሮዲ ሁለት ብቻ ሆነው ገቡ፤ ዳርላ ግን ከልጇ በስተግራ ስትሄድ በስተቀኙ ያለው ባዶ ቦታ እንዳይታወቅ ይመስል ፈጠን ፈጠን ትል ነበር። ቢጫ አበባዋን ተቀበለች። አሰልጣኙ ሊጨብጠው የዘረጋው እጁ የአባት እጅ ሲያጣ የብሮዲን ትከሻ መታ መታ አደረገበት። ቬርነን ከአሥራ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ይህንን ሁሉ አየ። እንደ ሌባ አፈረ። መሄድ ነበረበት፤ ብሮዲ ቢያባርረውም መሄድ ነበረበት፤ ይህን ያወቀው ደግሞ አበባው ከተሰጠ በኋላ ነው።

ጨዋታው እንደ ዘንድሮው ጨዋታ ሁሉ ለማየት በሚያስጠላ ሁኔታ ነው የጀመረው፤ ነገር ግን የመጣው ቡድን፣ ዌክፊልድ የሚባለው፣ እሱም ደክሞት ነበር። ሃልስተን ሳይታሰብ አገባ፤ ደግሞም አገባ። ሊያልቅ አራት ደቂቃ ሲቀር ሃያ ለአሥራ ሰባት እየመራ ነበር። ብርድ ልብሶቹ ወረዱ፤ የተበተነው ሰው ወደ ታች እየተሰበሰበ መጣ። ኦቲስ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «ፀጉር ቤቱ ደም ያስቀምጠዋል ዛሬ» አለ። ቬርነን ሰደሪያው ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ከዚያ ብሮዲ ኳስ ይዞ አሥራ አንድ ያርድ ቀደደ። ከቬርነን አሥር እርምጃ ሲቀረው ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከጉልበቱ አንዱ ከትከሻው፣ ገጥመው ጣሉት። ተነሱ፤ እሱ አልተነሳም። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ አዲስ አሥር ያርድ አሳየ። ባለ ዘንጎቹ ሮጡ፣ ኦቲስ ሰንሰለቷን ወጠረ፣ ቬርነንም በሚንቋቋ ጉልበቱ ተንበርክኮ መቆንጠጫውን ያዘ። እጁ ሥራውን ያውቀዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶታል። ዓይኑ ግን እዚያ ሣሩ ላይ ነበር። የብሮዲን ቀኝ ጫማ ያያል። ተንቀሳቀስ ይላል በሆዱ። ተንቀሳቀስ፣ ተንቀሳቀስ። ሐኪሞቹ ሮጠው ሸፈኑበት። ጫማው ብቻ በአንዱ ሐኪም እግር መካከል ይታየው ነበር፤ ብዙ ቆይቶ ወደ ግራ ዘንበል አለ፣ ከዚያ ተረከዙ ሣሩን ቆፈረ። ቬርነን ትንፋሹን የለቀቀው ያን ጊዜ ነው። ብሮዲ በሁለት ሰው ተደግፎ ወጣ፤ ሕጉ ነውና አንድ ሙከራ ተቀምጦ አለፈው፤ ከዚያ አሰልጣኙን ለምኖ ተመለሰ።

ሦስት ሙከራ ዘጠኝ ያርድ ብቻ አስገኘ። አንድ ደቂቃ ተኩል ቀርቷል። አሁን አራተኛውን ሞክረው አንዷን ያርድ ካገኙ ሰዓቱን ተኝተውበት ይጨርሱታል፤ አለቀ፣ አሸነፉ ማለት ነው። ካጡ ኳሷን ያስረክባሉ። ሌላ አሰልጣኝ ቢሆን ኳሷን አርቆ አስመትቶ ይገላገል ነበር። ይሄኛው የሚባረር ሰው ነውና ደፈረ። ኳሷን ለብሮዲ ሰጡት፤ ሰው ክምር ውስጥ ራሱን ቀበረ። ዳኞቹ ክምሩን አንድ በአንድ አንስተው ኳሷን ካስቀመጡ በኋላ ዋናው ዳኛ እጁን አወዛወዘ፤ ሰንሰለት ይግባ።

ቬርነን መቆንጠጫውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ አየው። በነጩ መስመር ፊተኛው ጠርዝ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ያልነካው ጠርዝ። ከእሱ በቀር ያየ ሰው የለም፤ አንዴ ካነሳው ደግሞ የሚያየው ምልክት የለም። ሰንሰለቷን ይዘው ገቡ። ዋናው ዳኛ፣ «ኋለኛው ነው፣ እንደ ሁልጊዜው» አለና በጣቱ የመስመሩን ኋለኛ ጠርዝ አሳየው፤ መጠየቅ እንኳ አልነበረም። ቬርነን ተንበርክኮ መቆንጠጫውን እዚያው፣ ኋለኛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። ኦቲስ ፊት ላይ ሰንሰለቷን ወጥሮ ዘንጉን ተከለ። የኳሷ አፍንጫ ከዘንጉ በሁለት ጣት አልፏል። የዘጠኝ መቶው ሰው ጩኸት የአምስት ሺህ ሆነ። ብሮዲ ኳሷ አጠገብ ቆሞ፣ አገጩ ላይ ደም ደርቆበት፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። ከዚያ ዞሮ አባቱን አየው። ፈገግ አለለት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሰደሪያውን እንደለበሰ፣ በቀጥታ ለእሱ ፈገግ አለለት።

ቬርነን ጣቱን መቆንጠጫው ላይ እንዳደረገ ተንበርክኮ ቀረ። ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደነበር በኋላ ደጋግሞ ያስበው ነበር። መነሳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ግን የሰው ሳሎን ሲለካ አንዲት ጣት ሰርቆ አያውቅም፤ አሁን ከዚያኛው ወገን ከቆሙት የሌላ ሰው ልጆች ላይ አራት ጣት ሊሰርቅ ነው።

«ዳኛ» አለ። «ፊተኛው ነው።»

«ምን አልክ?»

«የያዝኩት ፊተኛው ጠርዝ ላይ ነው። ተሳስቻለሁ።»

ዋናው ዳኛ ወደ ፊቱ ጎንበስ አለ። «ቬርነን፣ እርግጠኛ ነህ?»

«ነኝ።»

«አይደለም!» ያለው ብሮዲ ነው። «ኋለኛው ነው! ሁልጊዜ ኋለኛው ነው! ከተወለድኩ ጀምሮ ኋለኛው ነው!» ጓደኞቹ ይዘው ጎተቱት። መቆንጠጫው አንድ ጋት ወደ ፊት ሄደ፤ ሰንሰለቷ ሄደች፤ ኦቲስ ዘንጉን ነቅሎ እንደገና ተከለ። ኳሷ በሁለት ጣት ጎደለች። የልጁን ፊት ቬርነን ቀና ብሎ አላየም። የሚያየው ፊት ምን እንደሚመስል ያውቀው ነበር።

ዌክፊልዶች ኳሷን ተረከቡ። አንድ ደቂቃ ብዙ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ወርውረው ስድስተኛውን አገቡ። ሃያ አራት ለሃያ። አሥር ጨዋታ፣ አሥር ሽንፈት። አንሶላው ወረደ።

መኪና ማቆሚያው ላይ አንድ የኮሌጁን ኮፍያ ያደረገ አዛውንት ቬርነንን ጠብቆ፣ «ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል፤ አንተ የማን ነህ?» አለው። ሌላው የቡና ኩባያ ወርውሮ ሳተው። ኦቲስ መሐል ገብቶ፣ «ዘንድሮ ሃልስተን ውስጥ ዒላማ የሚመታ ሰው ጠፍቷል» ብሎ ሰውየውን ገለል አደረገው። የቬርነን ፒክአፕ መኪና ጋ ሲደርሱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም ብትል እኔ ራሴ አላውቅም ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ምን ነካህ ግን? መነጽር ያስፈልግህ ይሆን?»

«ዓይኔ ሌላ ቦታ ነበር» አለ ቬርነን፣ ሞተሩን እያስነሳ።

ዳርላ በመንገዷ ግማሽ ዶሮ በአሥራ አራት ዶላር፣ ከሚያቃጥለው ቀይ ሩዝ ጋር ገዝታ መጥታ ነበር። አበባዋን የቢራ ብርጭቆ ውስጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አቁማታለች። ሳህን ስታስቀምጥ ከልማዷ በላይ ታንኳኳ ነበር። ብሮዲ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ገባ። ማሊያውን አስረክቦ፣ አገጩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ፣ እያነከሰ ነው። ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል ብለው ሲጠብቁ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሦስቱም ዶሮውን ያያሉ፤ የሚነካው የለም። ማቀዝቀዣው ይንጎራጎራል። ጎረቤት ቤት ቴሌቪዥኑ የሌሎችን ኮሌጆች ውጤት ይለፍፋል። ቬርነን ሰደሪያውን ዕቃ ክፍሏ ውስጥ ሰቅሎት መጥቷል፤ ሊመለስበት ይሁን አይሁን አልወሰነም፤ ያለ እሱ ግን ደረቱ ብርድ ብርድ አለው።

«እማዬ» አለ ብሮዲ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። «አባዬን ጠይቂልኝ...»

«ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል» አለች ዳርላ። «ቅዳሜ ነው። ደክሞኛል።»

ብሮዲ ሹካውን አነሳ፣ አስቀመጠ። አሁን ቀና አለ። «ፊተኛው ጠርዝ ላይ ምን አስይዞህ ነው?» አለው አባቱን። «አንተ እኮ ተሳስተህ አታውቅም። ዓይንህን ጨፍነህ ብትሠራው እንኳ አትሳሳትም።»

«መቆንጠጫውን አላየሁትም ነበር።»

«ምን ስታይ ነው?»

ቬርነን የጠረጴዛውን ልብስ በጣቱ አስተካከለ። «ወድቀህ ነበር» አለ። «ጫማህን ሳይ ነበር። ይንቀሳቀስ እንደሆነ።»

ዳርላ የያዘችውን ጎድጓዳ ሳህን አላስቀመጠችም። የብሮዲ አገጭ ፕላስተሩ ስር ሲንቀሳቀስ ይታያል።

«ሰደሪያውን ለብሰህ?»

«ለብሼ።»

ብሮዲ ከወንበሩ ተነሳ። ዳርላ ወደ ደረጃው ሊሄድ ነው ብላ አንገቷን ደፋች። እሱ ግን ምድጃው ላይ የቀረውን ቀይ ሩዝ አነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠና ሁለት ጣቱን ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አጋደማቸው። እንደዚያ አድርጎ ጥቂት ተመለከታቸው።

«ይህን ያህል ነበር የጎደለው?»

«ይህን ያህል» አለ ቬርነን።

ብሮዲ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የአባቱን ሳህን ወደ ራሱ ሳበና ሩዝ አወጣለት።